የራሷን ጭስ የዋጠችው መኪና

የምጽፍላችሁ ስለ ድካም ነው። የሥራ ድካም ማለቴ አይደለም፤ እሱ ተኝተው ሲነሱ ይለቃል። የኔው ጠዋት የተሻለኝ መስሎ፣ ቀትር ላይ ተመልሶ ጭንቅላቴ ላይ የሚቀመጥ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው ያኔ። ጓደኞቼ ከሥራ በኋላ ኳስ ሲመቱ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ነበር የማያቸው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሶዶ ላይ የወይዘሮ አስካለ መኪና ሾፌር ነበርኩ። እትዬ አስካለ ባለቤታቸው ሲያርፉ የቀረቻቸው ያቺ መኪና ብቻ ነበረችና እንደ ልጅ ይሳሱላታል። ከጣሊያን ወረራ በፊት የተሠራች አሮጊት ናት። ከፊት ሦስት ሰው የሚይዝ ጋቢና አላት፤ ከኋላ በሸራ የተሸፈነ የእንጨት አግዳሚ። በገበያ ቀን ሶዶና ቦዲቲ እንመላለሳለን፤ በበጋ መንገዱ ሲደርቅ እስከ ቢጠና እንወርዳለን። ዳገት ላይ እንደ አስም በሽተኛ ታቃስታለች፤ ቢሆንም ትደርሳለች።

ለሕመሜ ሁሉም የየራሱን ስም ሰጠው። እናቴ ዓይን ነው አለች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ጸለዩልኝ። ኦቶና ወዳለው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ደረቴን አዳመጡ፣ ደሜን አዩ፤ ወባም የለብህ፣ ሳንባህም ደህና ነው አሉኝ። "ትንሽ እረፍ" አለኝ የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ። እንዴት አድርጌ ልረፍ? እኔ ካረፍኩ መኪናዋ ትቆማለች፤ መኪናዋ ከቆመች እትዬ አስካለ ሌላ ሾፌር ይፈልጋሉ።

ነገሩን መጀመሪያ የነካችው ባለቤቴ ማርታ ናት።

"እሁድ እሁድ ትድናለህ" አለችኝ አንድ ቀን ልብስ እያሰጣች።

"የጌታ ቀን ስለሆነ ነዋ።"

"ሰኞንስ ማን ፈጠረው?" አለችና ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ሳቅኩ። ልብ ብዬ ብሰማት ኖሮ ቀጥዬ የምተርክላችሁ ነገር ባልደረሰ ነበር።

የቦዲቲ ገበያ ቀን ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ለመመለስ ስንነሳ ሰማዩ ጠቁሯል። ከኋላ ሰውና ጆንያ ሞልቷል። በስተመጨረሻ፣ ከጫፉ ላይ፣ እግራቸውን ወደ ውጭ አንጠልጥለው አቶ አንጁሎ ተቀምጠዋል። ቀጥቃጭ ናቸው። ማረሻ፣ ቢላዋ፣ መጥረቢያ ይሠራሉ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ቁርጥራጭ ብረት ይሰበስባሉ። በአገራችን ያን ጊዜ ከቀጥቃጭ ጋር ማንም ገበታ አይቀርብም፤ ቤቱም አይገባም፣ ልጁንም አያገባም። መኪና ላይ እንኳ ጎናቸው የሚቀመጥ ስለሌለ ጫፉ የእሳቸው ነበር። ዛሬ አንቱ እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ ያን ጊዜ፣ በአሥራ አምስት ዓመት እየበለጡኝ፣ እንደ ሁሉም ሰው አንተ ነበር የምላቸው።

ጋቢና ውስጥ አጠገቤ አንዲት ሴት ተቀመጠች። ሶዶ የሚያስተምር ባሏ ዘንድ ነው የምትሄደው። የአራት ወር ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋዋለች።

"ብርድ እንዳይመታብኝ ወንድሜ፣ መስኮቱን ዝጋልኝ" አለችኝ።

ዝናቡ ጀምሮ ነበርና ሁለቱንም ዘጋሁ።

መንገዱ ጭቃ ነው። ጭነቱ ከባድ ስለሆነ በመጀመሪያ ማርሽ እየተሳብን ነው የምንወጣው። ጋቢናው ውስጥ ያው የለመድኩት የተቃጠለ ዘይት ሽታ አለ። ለነገሩ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ በቅርቡ ለውጬዋለሁ፤ የሚያፈስ ነገር የለውም። የአሮጌ መኪና ጠረን ነው ብዬ ከተውኩት ቆይቻለሁ።

"ባልሽ ደብዳቤ ደርሶታል?" አልኳት እንቅልፌን ለማባረር።

"ደርሶታል። ልጁን እስካሁን አላየውም እኮ፤ እዚያው እናቴ ጋ ነው የወለድኩት" አለችና አዛጋች። "ራሴን ምን ነካኝ እንጃ፣ ይወቅረኛል።"

"ዝናቡ ነው" አልኳት። የኔም ራስ እየወቀረኝ ነበር።

ትንሽ ቆይቼ ስዞር ተኝታለች። ልጁም ተኝቷል። እኔ ዓይኔን የጨፈንኩ አልመሰለኝም። የማስታውሰው የዝናብ መጥረጊያዋ ግራና ቀኝ ስትል፣ ከዚያ እጄ መሪው ላይ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ሲታየኝ ነው። ከዚያ ድንገት ጥርሴ ተጋጨ።

መኪናዋ በቀኝ በኩል ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች። ደግነቱ በእግር ከሚሄድ ሰው ፍጥነት አንበልጥም ነበር። ከኋላ ጩኸት ተነሳ፤ ሰዉ እየዘለለ ወረደ። አንድም የተጎዳ የለም። በሩን ከፍቼ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁና አስመለሰኝ። ቀና ስል ሴትዮዋ በሩ ላይ ተደግፋ እንደተኛች ናት።

"እህቴ! እህቴ ተነሺ!"

አትነሳም። ከንፈሯ ደም የመሰለ ቀይ ሆኗል። ልጁን ከእቅፏ ሳነሳው ራሱ ወደ ኋላ ተንጠለጠለ። ልጅ ሲተኛ የሚከብደውን ክብደት ታውቁታላችሁ፤ ይሄ ሌላ ነው። እንደ እርጥብ ጨርቅ ነበር።

ሰዉ ከበበኝ። አንዷ ትጮኻለች፣ አንዱ ውሃ ይላል፣ አንዱ ይጸልያል። እኔ ልጁን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። በዚህ መሃል አቶ አንጁሎ ሰዉን ገፍተው መጡና እጃቸውን ዘረጉ።

"ስጠኝ።"

"አትንካው!" አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ። "ምን ሊያደርግ ነው ይሄ?"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለአፍታ አመነታሁ። የሰው ልጅ እጄ ላይ እየሞተ፣ ቀጥቃጭ ይንካው አይንካው እያልኩ አመነታሁ። አቶ አንጁሎ አልጠበቁኝም። ልጁን ከእጄ ነጥቀው ከመኪናዋ ራቁ፤ ጋቢውን ገፍፈው ጣሉ፤ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዞሩና በዝናቡ ጀርባውን ማሸት ጀመሩ።

"ሴትዮዋንም አውጧት! ከዚያ ጋቢና አውጧት! ነፋስ ስጧት!" እያሉ ይጮኻሉ።

እኔና ሁለት ሰዎች አንስተን ሣሩ ላይ አስተኛናት። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። አቶ አንጁሎ በልጁ አፍና አፍንጫ እፍ ይላሉ፣ ያሻሉ፣ እንደገና እፍ ይላሉ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ የበር ማጠፊያ የመሰለች፣ ተሰማች። ልጁ ሳለ። ከዚያም አለቀሰ። እንደዚያ ያለ የሚያምር ለቅሶ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። እናትየውም ቆይታ ዓይኗን ገለጠችና ያለችበት ሳይገባት ታስመልስ ጀመር።

ሰዉ መኪናዋን ከቦይ ለማውጣት ሲገፋ አቶ አንጁሎ በጋቢናው በር ራሳቸውን አስገብተው ሲያሸቱ አየሁ።

"አባቴን የገደለው ይሄ ነው" አሉኝ በወላይትኛ።

"ምኑ?"

"ዝናብ ነበረ፤ በሩን ዘግቶ ከሰል አያይዞ ሲሠራ ዋለ። ማታ ስንገባ ወናፉ ላይ ተደፍቶ ተኝቷል። ከንፈሩ እንደዚህች ሴትዮ ቀይ ነበር። ሰው ቀልቶ ሲሞት አይተህ ታውቃለህ? እኛ ቀጥቃጮች እናውቀዋለን። እሳት ታፍኖ ሲነድ ሽታ የሌለው መርዝ ይወጣዋል።" የጋቢናውን ወለል በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ጣውላው በስብሶ መሬቱ ይታያል። "የመኪናህ ሆድ ይጨሳል። ጭሱ እዚህ ይገባል። ከኋላ ያለነው ነፋስ አለን፤ አንተ ግን ስንት ጊዜህ ነው እዚህ ተዘግተህ?"

በጣቴ ቆጠርኩ። አንድ ዓመት ሙሉ። ከእሁድ በስተቀር።

ሴትዮዋንና ልጇን ከኋላ፣ ነፋስ ካለበት አስቀምጠን፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ በቀጥታ ኦቶና ወሰድኳቸው። ሐኪሞቹ አሳድረው ሊያዩዋቸው ወሰኑ፤ ቢሆንም ይተርፋሉ አሉኝ። ባልየው እየሮጠ መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ጨብጦ ገባ። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ የሐኪም ቤቱ ፈረንጅ አዲስ መኪናውን ኮፈን ከፍቶ ዘይት እያየ ነው። ተነስቼ ቀረብኩ። ከሞተሩ ክዳን ላይ አንዲት ቱቦ ተነስታ ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡሬተር ሥር ትገባለች። እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም። በጣቴ አመለከትኳት።

በተሰባበረ አማርኛ "ጭስ" አለኝ ሆዱን እየመታ። "ሞተር ጭሱን ራሱ ይበላል። ሰው አይበላም።"

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ እዘለዋለሁ። በማግስቱ እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ቆመው "ጠጥተህ ነው?" አሉኝ። አልጠጣም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። "መኪናዋ ናት የታመመችው፣ ሁለት ቀን ስጡኝ" አልኳቸው። "ሁለት ቀን። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ" አሉና ገቡ። አልፈረድኩባቸውም። ሰው መኪናቸው ውስጥ ሊሞት ነበር።

መኪናዋን እየነዳሁ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የአቶ አንጁሎ ደጅ ሄድኩ። ከዚያ በፊት በዚያ በኩል ሳልፍ እንኳ ዓይኔን ዞር አደርግ ነበር። ፈረንጁ ያሳየኝን ነገርኳቸው። እሳቸው ስለ ሞተር ምንም አያውቁም፤ ስለ እሳትና ስለ ነፋስ ግን የማያውቁት የለም። ስለዚህ ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። በአሮጌ ሞተር ውስጥ የፒስተኑ ቀለበቶች ሲያልቁ የሚነደው ቤንዚን ጭስ እያለፈ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ሆድ ይገባል። ያ ጭስ የሚወጣው ወደ መሬት በተዘረጋች አንዲት ቱቦ ነው። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ እየሳበ ያወጣዋል። በጭቃ ዳገት ላይ እንደ እኛ ሲጎተት ግን የሚስብ ነፋስ የለም፤ ጭሱ በተበሳው ወለል ወደ ላይ ይመለሳል።

"እና ሞተሩ ራሱ እንዲስበው ነው የምትፈልገው" አሉ።

"አዎ።"

"መሳብ ይችላል?"

ከካርቡሬተሩ በታች በሞተር ስበት ለሚሠራ የመስታወት መጥረጊያ ተብላ የተተወች፣ የኛ በባትሪ ስለሚሠራ በብሎን የተደፈነች ቀዳዳ ነበረች። ብሎኗን ፈትቼ ሞተሩን አስነሳሁ። አውራ ጣታቸውን ቀዳዳዋ ላይ ሲያደርጉ ፊታቸው በራ።

"እንደ ጥጃ ይጠባል!"

ከተጣለ ካሚዮን የተፈታ የመዳብ ቱቦ ነበራቸው። ወደ መሬት የምትወርደውን አሮጌ ቱቦ ፈትተን፣ በቦታዋ መዳቡን ገጥመን፣ ወደ ላይ አጥፈን ከቀዳዳዋ ጋር አገናኘነው። ንጹሕ አየር በዘይት መሙያው ክዳን በኩል እንዲገባ ክዳኑን በሳን፣ አቧራ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ሸፈንነው። ወለሉንም በላሜራ ደፈንነው። ያን ቀን ዋልን፤ ራሴ እየዞረ፣ በየመሃሉ ሣር ላይ እየተጋደምኩ። አቶ አንጁሎ ደክሞኛል አላሉም፤ ግን ቀና ሲሉ ወገባቸውን ይዘው ነው።

ሞተሩን ሳስነሳ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። ደግሜ አስነሳሁ፤ ደግሞ ጠፋ። ነዳጅ ከረገጥኩ ይሄዳል፤ እግሬን ሳነሳ ይሞታል። መሪው ላይ ግንባሬን አሳረፍኩ።

"አልሆነም" አልኩ። "አየር በዛበት። ቀስ ሲል መጥባቱ ይበረታል፤ በቱቦው ብዙ አየር ይጎርስና ይታነቃል። ዳገት ላይ ደግሞ፣ ጭሱ ሲበዛ፣ መጥባቱ ይደክማል። ተቃራኒ ነው።"

ከዚያ ወናፋቸውን አነሱና ከፍተው አሳዩኝ። ውስጡ አንዲት የቆዳ ምላስ አለች። ሲጎትቱት ትከፈታለች፣ ሲጫኑት ትዘጋለች።

"እንዲህ ያለ ምላስ ያስፈልገዋል" አሉ። "ግን በተገላቢጦሽ። አጥብቆ ሲጠባ ጉሮሮውን የምታጠብ፣ ሲደክመው የምትለቅለት።"

በማግስቱ ሠሯት። የጥይት ቀለህ ቆርጠው ገላዋን አበጁ፤ ከናስ ትንሽ ቡሽ የመሰለች ሞረዱ፤ ከተሰበረ ቁልፍ ውስጥ ያወጡትን ሞላ ከፊቷ አስገቡላት። ሞተሩ አጥብቆ ሲስብ ቡሿ ሞላውን ጨፍልቃ ትሄድና ቀዳዳውን ታጠባለች፤ መሳቡ ሲላላ ሞላው መልሶ ይገፋትና ቀዳዳው ይከፈታል። ጨርሶ እንዳትደፍነው ጎኗን በመሞረጃ አንድ ጊዜ ጫር አደረጉት። ሰባት ጊዜ አስገብተን ሰባት ጊዜ አወጣናት። ሞላው ይጠነክራል፣ ይላላል፤ ቡሿ ትነክሳለች። ሰባተኛው ላይ እኔ ትቼው ነበር። በስምንተኛው ሞተሩ ተነሳ፤ እግሬን አነሳሁ፤ ቀስ አለ፤ አልጠፋም። እንደዚያ ሆኖ ቆየ።

አቶ አንጁሎ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና "በላው" አሉ።

ቀሪው መሞከር ነበር። ጆንያ በድንጋይ ሞልተን ጫንን። "እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ" አልኳቸው። እሳቸው ግን በሩን ከፍተው ጋቢናው ውስጥ ተቀመጡ። ሁለቱንም መስኮት ዘጋን። ያው ዳገት፣ ያው ጭቃ፣ ያው የመጀመሪያ ማርሽ። በየመሃሉ "እንዴት ነህ?" ይሉኛል፤ "ደህና" እላለሁ። "ከንፈርህን አሳየኝ" ይላሉ፤ አዞርላቸዋለሁ። ቦይ ውስጥ የገባንበት ቦታ ደረስን። አለፍነው። ላይ ወጥተን ስንቆም ራሴ ላይ ምንም የለም። ምንም። አንድ ዓመት ሙሉ ያልተሰማኝ ጸጥታ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ከመሪው ላይ እጄን ሳላነሳ አለቀስኩ፤ እሳቸውም በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

እዚህ ላይ ባቆምና ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

ሶዶ ስንገባ እትዬ አስካለ ከሁለት ሌሎች ሾፌሮች ጋር ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። ኮፈኑን ከፈትኩላቸው። ሾፌሮቹ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ የዘይት ክዳኑን አሸተቱ። ጭስ የለም።

"ይሄን ነገር ማን ሠራው?" አለ አንደኛው ናሷን እየነካ።

አቶ አንጁሎ በስተኋላዬ፣ ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው ቆመዋል። እትዬ አስካለ ቀጥቃጭ መኪናቸውን መንካቱን ሲያውቁ ምን እንደሚሉ አሰብኩ። አጎቶቼን አሰብኩ። ሁለት ቀን የት እንደዋልኩ፣ የማን ደጅ እንደተጋደምኩ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

"እኔ" አልኩ።

"አንተ? በገዛ እጅህ?"

"በገዛ እጄ።"

ትከሻዬን መቱኝ። እትዬ አስካለ "የኔ ጀግና፣ አምንሃለሁ ብያለሁ አይደል!" አሉ። ዞር ስል አቶ አንጁሎ ጆንያቸውን ተሸክመው ሄደዋል። በፍጥነት አልነበረም የሚሄዱት። እንደ ሁልጊዜው፣ ወገባቸውን ይዘው ነው።

ሰውነቴ በሳምንቱ ዳነ። በልቼ እጠግባለሁ፤ ተኝቼ እነሳለሁ። ግን ሌላ ድካም ያዘኝ። ሰው ሲያመሰግነኝ የሚብስ ድካም። ሾፌሮች እየመጡ "ለኛም ሥራልን" ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ጊዜ የለኝም እላለሁ።

ማርታ ሁሉንም ነግሬያት ነበር። ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። በመጨረሻ "ያ ልጅ በማን እስትንፋስ ነው የተመለሰው?" ብላ ጠየቀችኝ። "በአንተ ነው?"

በሚቀጥለው እሁድ በቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ተነሳሁ። ሰዉ ስለ መዳኔ እንደማመሰግን አስቦ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ። እኔ ግን የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ያመነታሁበትን ጊዜም፣ "እኔ" ያልኩበትንም። ሕፃኑን ከሞት የመለሰው ማን እንደሆነ፣ ያቺን ናስ ማን እንደሞረደ ተናገርኩ። "አሜን" ያለ የለም። አጎቴ ከፊት ወንበር ተነስቶ ወጣ፤ ስምንት ወር ቤቴ አልመጣም። እትዬ አስካለ ግን፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማርና፣ በማግስቱ ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ መኪናዋን ሲያዩ ቆዩና "እኔንስ ምን ብለህ ነው የፈራኸኝ?" አሉኝ።

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ አቶ አንጁሎ ደጅ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ጉልበታቸው ላይ ልደፋ ስል ይዘው አቆሙኝ።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ስላቸው ነበር።

"ለምን ተናገርክ?" አሉ ፊታቸውን አጨማድደው። "አሁን የሶዶ ሾፌር ሁሉ ደጄ ሊቆም ነው። መቼ ልተኛ ነው እኔ?"

ከዚያ ሳቁ። የደከመ ሳቅ ነው፤ ግን ሳቅ ነው። ባለቤታቸው የተቀቀለ ቦዬ፣ የአገራችንን ሥራ ሥር፣ ከሚያቃጥል የበርበሬ ዳጣ ጋር አቀረቡ። ከአንድ ገበታ በላን። ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ሰበብ ሆነልኝ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩላችሁ መኪና እንድትጠግኑ አይደለም። ዛሬ መኪናው ሁሉ ያቺን ምላስ፣ ቫልቭ የሚሏትን፣ ይዞ ነው የሚወለደው። ነገር ግን ምክንያቱን የማታውቁት ድካም ከያዛችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በየቀኑ የምትተነፍሱት ምንድን ነው? ያልተናገራችሁትስ? እኔ የመጀመሪያውን ሳላውቅ አንድ ዓመት ተሠቃየሁ። ሁለተኛውን እያወቅኩ ነው የተሠቃየሁት፤ እሱ ይብሳል።

ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ "ያ ሾፌር የፈለሰፈው ነገር" ሲባል አልፎ አልፎ እሰማለሁ። የመጀመሪያው ውሸቴ ከእውነቱ ይልቅ ሩቅ ሄዷል። ስለዚህ እንደገና ልናገር፣ በጽሑፍም ይቀመጥ። አቶ አንጁሎ ይባላሉ። የሠሩት እሳቸው ናቸው።